ከቢሾፍቱ ደብረ ብርሃን ተጉዞ ያልተፈለፈለ እንቁላል፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

እንቁላል ከሩቅ አስመጥቶ በማሽን ያስታቀፈ ሰው ጫጩት ሳይወጣለት ሲቀር የሚነሣው ክርክር የታወቀ ነው። ገዢው «እንቁላሉ ዘር የለውም» ይላል፣ ሻጩ «ማሽኑን አስፈትሹ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንድም እንቁላል ሰብረው አላዩም። ያልተፈለፈለው ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጣላል። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ እንቁላሎቹ ሳይጣሉ መገኘታቸው ነው። ስንሰብራቸው ሻጩም ገዢዋም ከእውነቱ የያዙት ቁራጭ ብቻ እንደነበር ታየ።

ዳራ

ባለጉዳይዋ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጊቢያቸው ውስጥ ጥቂት ያበሻ ዶሮዎች ነበሯቸው። ጫጩት እያስፈለፈሉ ለአካባቢው ሰው ለመሸጥ አስበው ከኮምፔርሳቶ የተሠራ፣ ሁለት አምፖልና አንድ ማራገቢያ ያለው፣ ሙቀቱን በቴርሞስታት የሚቆጣጠር ማሽን ገዙ። ማገላበጫው በእጀታ ነው፤ እጀታው ሲሳብ መደርደሪያው ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል።

እንቁላሉን የሚያመጡት ቢሾፍቱ አካባቢ ገብስማ መልክ ያላቸውን፣ ኮኮክ የሚባሉትን ዶሮዎች ከሚያረባ ሰው ነው። ምርጫቸው ጥሩ ነበር። ለእንቁላል ብቻ ተብለው የተዳቀሉት ድብልቅ ዶሮዎች ልጆቻቸው የእናታቸውን ምርት አይደግሙም፤ ኮኮክ ግን እንደ ዝርያ የሚራባ ነው። ስለዚህ የዝርያው ጥያቄ ከመነሻው ተዘግቶ ነበር።

ችግሩ

በመጀመሪያው ዙር 60 እንቁላል መጥቶ 11 ጫጩት ወጣ። የቀሩት ሳይሰበሩ ተጣሉ። ይሁን እንጂ መምህርቷ አንድ ነገር አስተውለዋል፦ ቅርፊቱን ነቁረው ከጀመሩ በኋላ የሞቱ ጫጩቶች ነበሩ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋንም እንደ ወረቀት ደርቆ ላባቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። ይህን የሰማ አንድ የሚያውቃቸው ሰው «ውሃ አንሶት ነው» አላቸው። ግምቱ ልክ ነበር፣ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ።

በሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ቀን አንሥተው የማሽኑን ወለል በውሃ ሳህን ሞሉት። የእርጥበት መለኪያው ከ80 በመቶ በላይ ያሳይ ነበር። በመንገድ ላይ 4 ተሰብረው 56 ገቡ፣ 8 ጫጩቶች ወጡ። የወጡትም የዘገዩ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ እግራቸው የማይጸና ነበሩ። ሻጩ ስልክ ሲደወልለት «እናቴ፣ እኔ ዘንድ ያሉት አውራዎች አንዲት ሴት አያልፉም፤ ማሽኑን ያስፈትሹ» አለ። እኔ የተጠራሁት እዚህ ላይ ነው። ደግነቱ 48ቱ ያልተፈለፈሉ እንቁላሎች ገና ማሽኑ ውስጥ ነበሩ።

ያልተፈለፈሉትን መስበር

እንቁላሎቹን ከቤት ውጭ፣ በጓንት፣ ከሰፊው ጫፍ በኩል እየከፈትን በአራት ለየናቸው። ሽታው ሥራውን አስቸጋሪ ያደርገዋል፣ የሚያስተምረው ግን ከየትኛውም መለኪያ ይበልጣል።

ምንም ዕድገት ያልታየባቸው 7 ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት 22 ናቸው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የደም ቀለበት ብቻ ያላቸው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጥቁር ዓይን የጀመሩ ነበሩ። መሐል ላይ የሞቱት 3 ብቻ ናቸው። 16ቱ ሙሉ ጫጩት ሆነው መጨረሻ ላይ የሞቱ ናቸው።

«ዘር የለውም» የሚለው ክስ እዚሁ ወደቀ። ዕድገት ያልታየባቸው 7ቱ ሁሉ ዘር አልባ ናቸው ብንል እንኳ ከ56ቱ 49ኙ ዘር ነበራቸው። መሐል ላይ የሞቱት ማነስም አንድ ነገር ይናገራል። የወላጆቹ መኖ ቫይታሚን ሲጎድለው ሞቱ በሁለተኛው ሳምንት መብዛት የተለመደ ነው፤ እዚህ አልበዛም። የሻጩ መንጋም መኖውም ከጥርጣሬ ወጡ።

የቀረው ሞቱ የበዛበት ሁለት ጉብታ ነው፤ አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዱ በመጨረሻው። ሁለት ጉብታ ሲታይ ሁለት ምክንያት መፈለግ ይገባል። መጀመሪያ ላይ የሚሞተውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የደረሰበት ነገር ነው፦ መናወጥ፣ መሞቅና መቀዝቀዝ፣ ረጅም ቆይታ። በስተመጨረሻ የሚሞተውን ግን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የማሽኑ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ነው።

መጨረሻ ላይ የሞቱት 16ቱ ሲከፈቱ ውሃ አለባቸው። በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ክፍላቸው ጠባብ ነው፣ የብዙዎቹ መንቁርም ወደዚያ ክፍል አልገባም። ጫጩት ቅርፊቱን ከመንቆሩ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚህ ክፍል ነው፤ ክፍሉ ካልሰፋ የሚተነፍሰው ያጣል። የመጀመሪያው ዙር በድርቀት፣ ሁለተኛው በውሃ ብዛት ሞቷል ማለት ነው።

መንገዱ

የእንቁላሉን ጉዞ ከሻጩ ቤት ጀምረን ተከተልነው። ሻጩ ትንሽ መንጋ ስላለው 60 እንቁላል ለመሙላት ወደ ሁለት ሳምንት ያጠራቅማል። በሰባት ቀን ውስጥ ካልታቀፈ የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ቅርፊቱ ላይ ቀን ስለማይጻፍ የትኛው የትናንት፣ የትኛው የአሥራ ሁለት ቀን እንደሆነ አይታወቅም። በዚያ ላይ ንጹሕ መስሎ እንዲታይ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውለው ነበር። እንቁላል ሲጣል ላዩን የሚሸፍነው ስስ ልባስ ጀርም እንዳይገባ የሚከላከል ነው፤ በእርጥብ ሲወለወል ይነሣል።

ከዚያ ካርቶኑ በሚኒባስ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከተማውን አቋርጦ ላምበረት መናኸሪያ ይደርሳል፣ እንደገና ተጭኖ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደብረ ብርሃን ላይ ዕቃውን ያወረደው ረዳት በቅን ልቦና እንዲህ ብሎ ነበር፦ «እናቴ፣ እንቁላል ነው ስላሉኝ ሌላ ዕቃ እንዳይጫነው ብዬ ፖርቶመጋላው ላይ ለብቻው ነው ያሰርኩት።» ከመኪናው ሁሉ በላይ የሚወዛወዘው ፖርቶመጋላው ነው። ቀን ፀሐይ ይመታዋል፣ ወደ ማታ የሸዋ ደጋ ብርድ ይጠብቀዋል። ፅንሱ ዕድገቱን አቁሞ የሚያርፈው እንቁላሉ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቆይ ነው፤ ለማቆያ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይመከራል። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ሲውል ፅንሱ ይነቃና ዕድገት ይጀምራል፣ ማታ ሲበርደው እንደገና ይቆማል። እንዲህ የተንገላታ ፅንስ ብዙ ጊዜ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሁለት ሦስት ቀን እንኳ አይዘልቅም።

መምህርቷ ካርቶኑ እንደደረሰ በዚያው ማታ እንቁላሉን ማሽን ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ቀዝቃዛ እንቁላል ሞቃትና እርጥብ ቦታ ሲገባ ቅርፊቱ ያልበዋል፤ ልባሱ የተነሣ ቅርፊት ካላበው ደግሞ ጀርም ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አገኘ ማለት ነው። ሰፊው ጫፍ ላይ ያለው የአየር ክፍል በመንገድ ንቅናቄ ከቦታው ሊላቀቅም ይችላል። በጨለማ ክፍል የስልክ መብራት አስጠግቶ እንቁላሉን ቀስ ብሎ ሲያዘነብሉት፣ ጤነኛው የአየር ክፍል ባለበት ይቆያል። የተላቀቀው ግን እንደ ውኃ ልክ አረፋ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል።

ማሽኑ

የእርጥበት መለኪያውን በጨው ፈተንነው። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ ለወስነው፤ ጨው ሁሉ መሟሟት የለበትም፣ ጭቃ መስሎ መቅረት አለበት። ይህን ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዘግተን አሳደርነው። እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ እርጥበቱ 75 በመቶ ይሆናል። መለኪያው ያሳየው 84 ነበር። በመጀመሪያው ዙር «55» ሲል የነበረው በእውነቱ ከ46 የማይበልጥ ነበር ማለት ነው።

የሙቀቱ ነገር ይባስ ነበር። በየመደርደሪያው ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጠን ስድስት ሰዓት ካቆየን በኋላ የውሃውን ሙቀት ለሰው ትኩሳት በሚያገለግለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ለካን። ይህ ቴርሞሜትር እኛ በምንፈልገው ክልል ውስጥ በትክክል እንዲለካ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከርካሽ የማሽን መለኪያ ይታመናል። ማሽኑ ላይ 37.8 ይነበባል፤ የላይኛው መደርደሪያ ውሃ 37.6፣ የታችኛው 36.7 ነበር። የቴርሞስታቱ ጫፍ አምፖሉ አጠገብ ስለተንጠለጠለ አምፖሉን ይለካል እንጂ እንቁላሉን አይለካም። ጫጩቶቹ ለምን እስከ 23ኛው ቀን እንደዘገዩና ሆዳቸው ለምን እንደተነፋ ይህ ያስረዳል። መምህርቷ ሲጠየቁ የወጡት አብዛኞቹ ከላይኛው መደርደሪያ እንደነበሩ አስታወሱ።

ጫፉን መሐል ላይ፣ ከእንቁላሉ ጎን አወረድነው። አምፖሉ ፊት ለፊት የላሜራ ቁራጭ ከለልን፣ ማራገቢያውን ወደ ታች አዞርነው። በየመደርደሪያው ያለው ልዩነት ወደ 0.3 ዲግሪ ወረደ። ለዚህ የወጣው ወጪ የላሜራው ብቻ ነው።

ከፍታው

በመመሪያዎች ላይ የሚነበበው ከ50 እስከ 55 በመቶ እርጥበት በብዛት የተጻፈው ቆላና ወይና ደጋ ላይ ላለ ሰው ነው። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ደብረ ብርሃን ላይ ከቢሾፍቱ በአሥር በመቶ ያህል ያንሳል፤ ግፊቱ ባነሰ ቁጥር ውሃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ፈጥኖ ይወጣል። ደጋ ላይ የሚኖሩ ዶሮዎች ከትውልድ ትውልድ ውሃ በዝግታ የሚያስወጣ ቅርፊት ወደ መጣል ያዘነብላሉ። የቢሾፍቱ ዶሮ ቅርፊቷን የሠራችው ለቢሾፍቱ ነው፤ እንቁላሏ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ከሚገባው በላይ ይደርቃል። ኦክስጅንም ስለሚሳሳ የማሽኑን መተንፈሻ ለእርጥበት ብሎ መዝጋት አይቻልም፤ ውሃው እየተጨመረ መተንፈሻው ክፍት መሆን አለበት።

ስለዚህ በመቶኛው ላይ መከራከሩን ትተን ሚዛን ያዝን። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል ቢያጣ ጥሩ ነው። አሥር እንቁላል ምልክት አድርገን አብረን መዘንን።

ሦስተኛው ዙር

ሻጩ ተባባሪ ሆነ፤ ክሱ ስለተነሣለት ይመስለኛል። በሰባት ቀን ውስጥ የተጣለ ብቻ እንዲሰበስብ፣ ቀኑን በእርሳስ እንዲጽፍ፣ እንዳይወለውል ተስማማን። እንቁላሉ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በወረቀት ትሪ ላይ ተደረደረ፣ ከካርቶኑ ግርጌና ዙሪያ ሰጋቱራ ተጠቀጠቀበት። የመምህርቷ የእህት ልጅ ንጋት ላይ ወርዶ ካርቶኑን ጭኑ ላይ ይዞ ተመለሰ። አንድ ብቻ ተሰነጠቀ፣ እሱንም ሳህን ላይ ሰበርነው። አስኳሉ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ዙሪያዋን ቀለበት ነበራት፤ ዘር የሌለው እንቁላል ላይ ነጥቧ ትንሽና ድፍን ነች። ሻጩ ስለ አውራዎቹ የተናገረው እንዲህ ተመሰከረለት።

59ኙ ከማይሞቅ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት አረፉ። የደብረ ብርሃን ቤት ለዚህ ፍሪጅ አያስፈልገውም። በብርሃን ስናያቸው 10ሩ የአየር ክፍላቸው ልቅ ነበር። እነዚህን ለብቻ አቁመን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሳናዘነብል ተውናቸው። ለማወዳደሪያም ከጎረቤት ያበሻ ዶሮዎች 20 እንቁላል ጨመርን፤ መንገድ ያላዩ፣ እዚያው ከፍታ ላይ የተጣሉ ናቸው። እነዚህ 20ዎቹ ከሌሉ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ለሚዛን ምልክት ያደረግንባቸው አሥሩ ሲገቡ አብረው 540 ግራም ነበሩ። በ6ኛው ቀን 518 መሆን ሲገባቸው 511 ሆኑ፤ እየደረቁ ነው። ሁለተኛ የውሃ ሳህን ገባ፣ ትክክለኛው እርጥበት ወደ 60 ወጣ። በ12ኛው ቀን 494፣ በ18ኛው 472 ግራም ሆኑ፤ ይህ ከ12 በመቶው ብዙም የራቀ አይደለም። በ18ኛው ቀን ማገላበጡ ቆመ፣ እርጥበቱ ወደ 70 ተጠጋ።

በ15ኛው ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ አራት ሰዓት ያህል ቆየ። ሁለት ጀሪካን ሙቅ ውሃ በፎጣ ተጠቅልሎ ማሽኑ ግርጌ ገባ፣ ላዩ በጋቢ ተሸፈነ፣ መተንፈሻው ግን ክፍት ነበር። መምህርቷ ጋቢውን እስከ ታች ሊያወርዱት ሲሉ የከለከልኳቸው ለዚህ ነው፦ በዚህ ዕድሜ ፅንሱ የራሱን ሙቀት ያመነጫል፣ ከብርድ ይልቅ መታፈን ይፈጀዋል።

ውጤቱ

ከተጓዙት 59 እንቁላሎች 36 ጫጩቶች ወጡ፤ 33ቱ የአየር ክፍላቸው ከጸናው 49፣ 3ቱ ልቅ ከሆኑት 10። ከጎረቤቶቹ 20 ደግሞ 16 ወጡ። ካልተፈለፈሉት 23 መካከል 11ዱ አሁንም በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱ ነበሩ፤ መጨረሻ ላይ የሞቱት ግን ወደ 6 ወርደዋል። ማሽኑ ድኗል። መንገዱ ተሻሻለ እንጂ አልዳነም፣ በዚህ ርቀትም ሙሉ በሙሉ ይድናል ብዬ አልጠብቅም።

ልቅ የሆኑትን አለማዘንበሉ ይጥቀም አይጥቀም ከዚህ ዙር መናገር አይቻልም፤ የተገላበጠ ልቅ እንቁላል ለማወዳደሪያ አልነበረም። የነቆሩ ጫጩቶችን በእጅ መርዳት ግን ጉዳቱ ታይቷል። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ይወርዳል፣ የሌሎቹ ስስ ሽፋንም ይደርቃል። በእጅ የወጣችው አንዲት ጫጩት እግሯ አልጸናም። ቀደም ሲል የተሞከረው ውሃ መርጨትም እንቁላሉን ከማቀዝቀዝ ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

ሌላ አስፈልፋይ ሊወስደው የሚችለው

ያልተፈለፈለ እንቁላል አይጣል፣ ተሰብሮ ይቆጠር። ሞቱ መጀመሪያ ላይ ከበዛ ማሽኑን ከመፍታት በፊት ሻጩንና መኪናውን መጠየቅ ነው፤ መጨረሻ ላይ ከበዛ መለኪያዎቹን መፈተሽ ይቀድማል። ሁለቱም ካሉ አንድ መድኃኒት አይፈውሳቸውም። የሁለተኛው ዙር ኪሳራ የመጣው ለአንዱ በሽታ የተሰጠው ውሃ ልኩ ባልታወቀ መለኪያ ስለተሰፈረ ነው።

በእያንዳንዱ የተጓዘ እንቁላል ዙር ላይ ጥቂት የሰፈር እንቁላል መጨመር ርካሹ ምርመራ ነው። የሰፈሩ ተፈልፍሎ የተጓዘው ከቀረ ክርክሩ በዚያው ያልቃል። ከቆላ ወደ ደጋ እንቁላል የሚያወጣ ሰው ደግሞ ከመመሪያው መቶኛ ይልቅ ሚዛኑን ይመን፤ አሥር እንቁላል በየስድስት ቀኑ መመዘን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከሻጭ ጋር ሲዋዋሉ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይጠቅማል፦ ስንት ቀን እንደተጠራቀመ፣ እንደታጠበና እንዳልታጠበ፣ መኪናው ላይ የት እንደሚቀመጥ። ሦስተኛውን የሚጠይቅ ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ያሉበት

መምህርቷ ከ36ቱ ውስጥ ሴቶቹን ለዘር አስቀርተዋል፤ እዚያው ካደጉ እዚያው ይጥላሉ፣ እንቁላልም መኪና መሳፈሩ ይቀራል። ወንዶቹ ጫጩቶች ግን አብረው አይቀሩም። ሁሉም ከአንድ ትንሽ መንጋ የመጡ ስለሆኑ እህትና ወንድም እርስ በርስ ከተዳቀሉ የመፈልፈል አቅሙ በጥቂት ትውልድ ይወድቃል። ስለዚህ አውራ የሚገዙት ከሌላ አርቢ ነው፤ የዚያኛው መንጋ ክትባት ተጣርቶ፣ አውራዎቹም ከሴቶቹ ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት ለብቻ ቆይተው እንዲታዩ ተስማምተናል።